ከእሳት የተረፈ የብረት መሣሪያና ሞላ ስለሚድንበትና ስለማይድንበት ሁኔታ

አንድ ሱቅ ወይም አንድ ጋራዥ በተቃጠለ ማግስት ባለንብረቱ ዐመዱን ሲገልጥ በመጀመሪያ የሚያገኘው ብረት ነው። እንጨቱ ከሰል ሆኗል፤ ጨርቁና ላስቲኩ ጠፍቷል፤ መጥረቢያው፣ መሮው፣ ሞርሳው፣ የመኪናው ባሌስትራ ግን ጠቁሮም ቢሆን ቅርጹን እንደ ያዘ ይገኛል። በዚህን ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንዱ ሰው እሳት የበላው ነገር አይረባም ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ በኪሎ ለቁራሌ ይሸጠዋል። ሌላው ደግሞ ጥላሸቱን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ምንም እንዳልደረሰበት አድርጎ ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ሰው ያለ አግባብ ይደኸያል። የሁለተኛው ጥፋት ግን ከራሱ አልፎ በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩ ለሞያሌ ከተማ ሕዝብና ሹማምንት ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። በድንበሩ በሁለቱም ወገን፣ በኬንያ በኩል ባለው በማንያታ ሠፈርም ጭምር፣ ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ እርስ በርሱም የተጠጋጋ ነው። በ2006 ዓ.ም. በኬንያ ሞያሌ በተነሣው ግጭት ቤቶች ተቃጥለው ብዙ ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ መሰደዱ የሚታወስ ነው። ከዚህም በቀር ከተማዋ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ በየወገኑ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በመካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ መሣሪያና የመኪና ዕቃ ከሁለቱም ይመጣላታል። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከለበሰና የጋራው የድንበር መተላለፊያ ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የጭነት መኪናው ምልልስ ቀሏል።

ዕቃው የሚነሣባቸው ሁለቱ ታላላቅ ገበያዎች እሳትን በሚገባ የሚያውቁ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴ ሀብት አውድሟል። በናይሮቢ የጊኮምባ ገበያ በየጊዜው ይቃጠላል፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ የሰው ሕይወት ጭምር አጥፍቷል። በሁለቱም አጠገብ አሮጌ ብረት የሚያድሱ ባለ እጆች መኖራቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ በናይሮቢ ካሙኩንጂ ከጠዋት እስከ ማታ የመዶሻ ድምፅ አይቋረጥም። እነዚህ ባለ እጆች የትኛው የተቃጠለ ብረት ለምን ሥራ እንደሚውል በልማድ ያውቁታል። ከዚህ በታች የሚነገረው ከዚያ ልማድ በስተኋላ ያለው ምክንያት ነው።

ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ምስማርና ተራ ሽቦ የሚሠራበት ለስላሳ ብረት በውስጡ ያለው ካርቦን ከመቶ ሩብ እጅ እንኳ አይሞላም። መጥረቢያና ባሌስትራ የሚሠሩበት ዐረብ ብረት ከመቶ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ካርቦን አለው፤ መሮ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ሞረድ ደግሞ ከመቶ አንድ ያልፋል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ዐረብ ብረት ከ730 ዲግሪ በላይ ግሎ በውኃ ወይም በዘይት በድንገት ሲጠልቅ እንደ መስተዋት ይጠነክራል፤ ለስላሳው ብረት ግን ቢያጠልቁትም ብዙ አይለወጥም። እንደ መስተዋት የጠነከረ ነገር እንደ መስተዋት ስለሚሰበር፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ወይም ቀጥቃጩ ያንኑ ብረት እንደገና በልክ ያሞቀዋል። ለመቍረጫ መሣሪያ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ፣ ለሞላና ለባሌስትራ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። በዚህ ሁለተኛ ሙቀት ብረቱ ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ ጽናትን ያገኛል። የመሣሪያው ዋጋ ያለው በዚህ ሥራ ላይ እንጂ በክብደቱ ላይ አይደለም።

ቃጠሎ የሚያፈርሰው ይህንኑ ሥራ ነው። መላው እሳት የሆነ ክፍል ወደ ጣራው አካባቢ ከ800 ዲግሪ ያልፋል፤ አንዳንዴም 1,000 ይደርሳል። ዐረብ ብረት የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ ቅርጹ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሙቀቱ መሣሪያው በተሠራ ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ከሞቀበት ልክ ካለፈ የተሰጠው ጥንካሬ ይሄዳል። በዐመድ ተቀብሮ በዝግታ የበረደ እንደ ሆነ እንደ ምስማር ብረት ይለሰልሳል። እንደ ጋለ ውኃ የተደፋበት እንደ ሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሊጠነክር፣ ሊሰነጠቅና በአንድ ምት ሊሰበር ይችላል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ጥቁር ብረት ናቸው። ሙቀቱ ወደ ልኩ ካልደረሰ ግን፣ ዕቃው የቱንም ያህል ጥላሸት ቢለብስ፣ ብረቱ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃው የነበረበት ቦታ ምን ያህል ሞቀ የሚለው ነው። ለዚህም ዐመዱ ራሱ ምስክር ይሰጣል፤ ስለዚህ ዕቃውን ከቦታው ከማንሣት በፊት ዙሪያውን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። እርሳስ በ327፣ ዚንክ በ420፣ አሉሚኒየም በ660፣ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ ነሐስም ከ900 ጥቂት አልፎ ይፈስሳል። በመሣሪያው አጠገብ የነበረ የአሉሚኒየም ድስት ቀልጦ እንደ ሊጥ ከተንጠባጠበ፣ የዚያ ቦታ መሮና ሞላ ሁሉ ጥንካሬውን አጥቷል ብሎ መቍጠር ነው። ድስቱ ጠቁሮ ቅርጹን ከጠበቀ ግን ተስፋ አለ። ከዚህ የበለጠ የታመነ ምስክር የመጥረቢያው ዛቢያ ነው። እንጨት በ300 ዲግሪ አካባቢ ከሰል ይሆናል፤ ስለዚህ ከቀዳዳው ውስጥ የቀረው እንጨት ቡናማ ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ በዙሪያው ያለው ብረት አልተጎዳም፤ አዲስ ዛቢያ ተበጅቶለት በማግስቱ ሥራ ሊጀምር ይችላል። ስለቱ ግን ከቀዳዳው ርቆ በእሳቱ በኩል ተጋልጦ እንደ ሆነ ለብቻው መመርመር ያስፈልገዋል። የካቻቪቴ የፕላስቲክ እጄታ መቅለጡ ግን ብዙ አያስረዳም፤ ፕላስቲክ ብረቱን በማይነካ ሙቀት እንኳ ይቀልጣልና። በወለል ላይ ወይም በሣጥን ታች የነበረ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይድናል። በመደርደሪያው አናት የነበረው ግን የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በሞረድ ይደረጋል። አዲስና ስል የሆነ ሞረድ በመሣሪያው አፍ ላይ ሲገፋ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ነክሶ ፍቅፋቂ ካወጣ ለስላሳ ሆኗል። ከሁሉ የሚሻለው ያልተቃጠለ ተመሳሳይ መሣሪያ አጠገብ አስቀምጦ ሁለቱን እያፈራረቁ መሞረድ ነው። በሚሞረድበትም ጊዜ ላይኛውን ጥቁር ቅርፊት ጠርጎ ወደ ነጩ ብረት መድረስ ይገባል፤ ብዙ የሞቀ ብረት ገጹ ላይ ያለውን ካርቦን እሳቱ ስለሚወስድበት፣ ውስጡ ደኅና ሆኖ ሳለ ላይኛው ቆዳ ብቻ ለስልሶ ሊያሳስት ይችላል።

ዶማ፣ አካፋና ማረሻ በአብዛኛው ይድናሉ፤ ቢጣመሙም ተቀጥቅጠው ይቃናሉ። የድጅኖ ጫፉ ብቻ እንደገና ቢጠነክር በቂ ነው። መሮ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ቢላዋ በጥሩ ቀጥቃጭ እጅ ወደ ቀድሞ ጥራታቸው ሊቀርቡ ይችላሉ። ሞረድ ግን አንዴ ከለሰለሰ ጥርሱ ስለማይሠራ እንደ ሞረድ አይመለስም፤ ይሁን እንጂ ብረቱ ምርጥ ስለ ሆነ ጥሩ ቢላዋ ይወጣዋል። የትራፓኖ መብሻ ከልዩ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ከሌላው የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ከተበላሸ ግን የከተማ ከሰልና ወናፍ ሊያድሰው ስለማይችል መሞከሩ ድካም ነው። የተቃጠለ መፍቻ በለስላሳነቱ የተነሣ አፉ ይከፈትና የቡሎኑን ጠርዝ ይልጣል።

መዶሻ ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ለስላሳ የሆነ መዶሻ ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ያስቀይማል እንጂ ብዙ አይጎዳም። እንደ ጋለ ውኃ የተደፋበት መዶሻ ግን በመጀመሪያው ከባድ ምት ስባሪ ወርውሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እሳቱ የጠፋው በውኃ ከሆነ፣ ሞረድ የሚያንሸራትት መዶሻ ደኅና ነው ተብሎ አይወሰድም፤ ወደ ቀጥቃጭ ሄዶ እንደገና በልክ መሞቅ አለበት።

ሞርሳ፣ የሚዛን እግርና የልብስ ስፌት መኪና አካል ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። እነዚህን የሚያሰጋቸው መለስለስ ሳይሆን መሰንጠቅ ነው። ስንጥቁ በዓይን የማይታይ ከሆነ ብረቱን በላምባ ቀብቶ፣ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ አጥርቶ መጥረግና የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ወደ ላይ ሲወጣ በነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ያሳያል። የስፌት መኪና አካሉ ደኅና ከሆነ ጥቃቅን ሞላዎቹ ብቻ ተለውጠው ልብስ ሰፊው ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንት መኪና በቁራጭ ብረት ዋጋ እንደ ተሸጠ ማሰብ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የተደበቀው በዚህ ላይ ነውና። የተቃጠለ መሮ ወዲያው ራሱን ያጋልጣል፤ እንጨት ሲነካ ይታጠፋል። የተቃጠለ ሞላ ግን ለእጅ ይዋሻል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞላ በትንሽ ሸክም ጊዜ የሚያሳየው የመግፋት ኀይል በቅርጹና በብረትነቱ የሚወሰን እንጂ በጥንካሬው አይደለም፤ ለስላሳ የሆነውም ጠንካራ የሆነውም በእጅ ሲጫኑት እኩል ይገፋሉ፤ ሲለቁትም እኩል ይመለሳሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሸክሙ ሲከብድ ነው። ጠንካራው ሞላ ብዙ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። እሳት ያለሰለሰው ግን ከአንድ ልክ በኋላ እንደ ተራ ሽቦ ተለጥጦ ይቀራል። በሱቅ ደጃፍ ላይ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጎ መርምሬዋለሁ የሚል ሰው ምንም አልመረመረም።

በገበያ የሚንጠለጠለው የሞላ ሚዛን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞላው የለሰለሰ ሚዛን አንድ ኪሎ ስኳር ሲሰቀልበት በትክክል ይናገራል። ከባድ ጆንያ ሲሰቀልበት ግን ከተገቢው በላይ ይወርድና ክብደቱን አብዝቶ ያሳያል፤ ጆንያው ከወረደም በኋላ ቀስቱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ባለሚዛኑ ብሎኑን አዙሮ ቀስቱን ወደ ዜሮ ያመጣዋል፤ በሚቀጥለውም ጆንያ ነገሩ ይደገማል። በዚህ መካከል በክብደት የሚገዛው ሰው ላላገኘው እህል ይከፍላል፤ ባለሚዛኑም ምናልባት ማታለሉን አያውቅም። እንዲህ ያለው ሚዛን ክብደታቸው በታወቁ ድንጋዮች ከቀላል እስከ ከባድ ድረስ ተፈትኖ፣ ከእያንዳንዱም በኋላ ቀስቱ ወደ ዜሮ መመለሱ ሳይረጋገጥ በገበያ ሊሠራበት አይገባም። ጓጉንቸርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሞላ ከለሰለሰ ቁልፉ የተዘጋ መስሎ ክፍት ያድራል።

በመኪና በኩል ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በተቃጠለ ጋራዥ ውስጥ የነበረ ባሌስትራ ባዶ መኪና ሲሸከም ምንም አይታይበትም። እህል ወይም ሲሚንቶ ተጭኖበት ከሜጋ በታች ባለው መንገድ ላይ ጎድጓዳ ሲመታ ግን በአንድ ወገን ይተኛል፤ መኪናውም ያጋድላል። ውኃ ተደፍቶበት የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። እንደዚሁም የጎማ ቡሎን፣ ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስረው ቅንፍ፣ የፍሬን ሞላና ኩሺኔታ ሁሉ በሙቀት የተሠራ ጥንካሬ ስላላቸው፣ ከቃጠሎ በኋላ በምንም ምክንያት ወደ መኪና ሊመለሱ አይገባም። በከሰል ምድጃ እንደገና አጠነክራቸዋለሁ የሚል ባለ እጅ ቢገኝ እንኳ ሊታመን አይችልም። ይህ የእጁን ጥበብ መናቅ አይደለም። የባሌስትራው ቅይጥ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ መላው ርዝመቱም በአንድ ልክ ሳይሞቅ የሚሠራ ሥራ፣ በሰው ሕይወት ላይ ዕጣ መጣል ስለ ሆነ ነው።

ይህ ማለት ግን ባሌስትራው ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ለመኪና የሞተው ባሌስትራ ለቀጥቃጭ ሕይወት አለው። ከመቶ ስድስት ዐሥረኛ ካርቦን ያለው ብረት መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ቢላዋ፣ መሮና ማረሻ ለማውጣት የተመቸ ነው፤ በእሳቱ መለስለሱም ለመቍረጥና ለመሞረድ ስለሚቀል፣ ጉዳቱ ለዚህ ሥራ እንደ ጥቅም ይቈጠራል። ስለዚህ የተቃጠለ ባሌስትራ የሚሸጥ ሰው ከቁራሌው ይልቅ ወደ ቀጥቃጩ ቢሄድ የተሻለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

በቦረና ቱምቱ የሚባሉት፣ በሌላውም አገር በልዩ ልዩ ስም የሚጠሩት ቀጥቃጮች ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ሕዝቡ ግን ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበለ ራሳቸውን ሲንቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በዐዋጅ መከልከላቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዛሬም ከቃጠሎ በኋላ ነጋዴውን ከድኽነት የሚያወጣው ያው የተናቀው እጅ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ቀጥቃጩ የተቃጠለውን መሮ ወይም መጥረቢያ የሚያድሰው እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ቅርፊቱን ጠርጎ የላይኛውን ቆዳ በሞረድ ያነሣል። ቀጥሎ አፉን በጥላ ውስጥ ባለ ምድጃ እንደ በሰለ ቀይ ፍሬ እስኪቀላ ያግለዋል። በፀሐይ የሚሠራ ሰው የብረቱን መልክ ስለሚስት ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ማግኔት ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ ብረት በ770 ዲግሪ ገደማ ማግኔት መያዝ ያቆማልና፣ ከዚያ ጥቂት ካለፈ በቂ ነው። ወዲያው በዘይት ያጠልቀዋል፤ ውኃ ለተራው ዐረብ ብረት ይሆናል፤ የባሌስትራ ብረት ግን በውኃ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ከዚያም አፉን እስኪያበራ ፈግፍጎ ከጀርባው በኩል በዝግታ ያሞቀዋል። በነጩ ብረት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ መልክ ይመጣል። ለቢላዋ ቢጫው፣ ለመሮ ቡናማው፣ ለመጥረቢያ ሐምራዊው ሲደርስ ከእሳት ያወጣዋል። ሁለተኛውን ማሞቅ ለችኮላ የሚተወው ብዙ ነው፤ አዲስ የታደሰ መጥረቢያ በመጀመሪያው ቀን አፉ የሚሸረፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚንክ የተለበጠ ባልዲ፣ ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ግን ወደ ምድጃ ባይገባ ይሻላል። የሚወጣው ነጭ ጢስ ሲተነፍሱት ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ቃጠሎው ዚንኩን የላጠበት የጣራ ቆርቆሮም ቢቀባ እንጂ እንዲሁ ቢመለስ ቶሎ ይዝጋል።

የወረዳና የከተማ ሹማምንት ከቃጠሎ በኋላ የጉዳት መዝገብ ሲያዘጋጁ ብረቱን ሁሉ በአንድ መስመር «የተቃጠለ ዕቃ» ብለው ከሚጽፉ ይልቅ በሦስት ቢለዩት መልካም ነው፤ ሳይጎዳ የተረፈ፣ በቀጥቃጭ የሚድን፣ ለቁራጭ ብረት ብቻ የሚሆን ተብሎ። ለተጎጂው የሚሰጠው ርዳታም ሆነ የኢንሹራንስ ግምት በዚህ ይስተካከላል። ለመኪና የማይሆነው ባሌስትራና ሞላ ከመሸጡ በፊት በመካከሉ ቢቈረጥ፣ ተቀብቶና ታድሶ በአንዱ የድንበር ወገን እንደ አዲስ ዕቃ እንዳይሸጥ ያግዳል። ቍራጩ ለቀጥቃጩ ያው ብረት ነው።

ለባለንብረቱ ደግሞ ጊዜው አጭር መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። እሳቱ እንደ ጠፋ በጋለ ብረት ላይ ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ራሱ ይብረድ። ከበረደ በኋላ ግን መቈየት የለበትም። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ከፕላስቲክ የሚወጣው ጢስ አሲድ ስላለው፣ ከእርጥብ ዐመድ ጋር ሆኖ ብረቱን በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላዋል። መሣሪያው በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይቀመጥ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ ሊደረግ ይችላል።